የእትዬ የሺ ወለል

እትዬ የሺን ድሮ «እሳቸው» ነበር የምላቸው። ዛሬ «እሷ» ነው የምላት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ካላልኩ ጆሮዬን ነበር የምትቆነጥጠኝ፤ ስለዚህ ባለጌ ሆኜ አይደለም። ክብር የሚሰጠው የሚበቃው ሰው ሲገኝ ነው። ደስ ያላለው ካለ ታሪኩን ሰምቶ ይፍረድ።

ባሌ መዝገቡ ሸማኔ ነው፣ እኔ ፈታይ ነኝ። አብዮቱ ከመጣ ጀምሮ የምንኖረው ሽሮ ሜዳ፣ በቀበሌ ቤት ነበር፤ የአንድ ባላባት ሰርቪስ የነበረች፣ ወለሏ ሲሚንቶ የሆነ አንዲት ክፍል። ሌላው ሰው ሲሚንቶ ወለል አገኘሁ ብሎ ስለት ያስገባል። እኛን ግን የጎዳን እሱ ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ነው የሚሠራው፤ ሲሚንቶ ደግሞ አይቆፈርም፣ ቢቆፈርም ቀበሌው ያስራል። ስለዚህ መዝገቡ በየቀኑ ወንድሙ ስብሐት ቤት እየሄደ በስብሐት ጉድጓድ ይሠራል፤ ስብሐት ሲነሳ እሱ ይቀመጣል፣ እሱ ሲነሳ ስብሐት። ሁለት ሸማኔ በአንድ ጉድጓድ! ያው የግማሽ ሰው ሥራ ነው የሚሠራው። እኔ የፈተልኩት ማግ እንኳ እቤት ተቆልሎ ይከርማል።

ታዲያ ከጋብቻችን ጀምሮ ያጠራቀምነው ነገር ነበረን። ሰው በዓል ሲያደርግ እኛ ሽሮ እየበላን ያጠራቀምነው ነው። የራሳችን አፈር ወለል ያለው ቤት እንገዛለን፣ መዝገቡ ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እፈትላለሁ። ሌላ ሕልም አልነበረንም።

እትዬ የሺ ቤቷን እንደምትሸጥ የሰማነው በየካቲት ነው። ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሸጣ ደብረ ብርሃን ልጇ ጋ ልትገባ ነው ተባለ። የቤቱ አዋጅ ለአንድ ሰው አንድ ቤት ስለሚፈቅድና እሷም ያለቻት አንዲት ቤት ብቻ ስለሆነች ቀበሌው አልከለከላትም። ሄደን አየን። ሰው ቤት ሲገዛ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል፤ መዝገቡ ጣራውን ዞር ብሎም አላየው። ጎንበስ ብሎ ወለሉን በተረከዙ እየደቃ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፣ ድም ድም ይላል። «ይሄ ወለል ለሥራ የተፈጠረ ነው» አለኝ ሲወጣ፤ ፊቱ እንደዚያ ሲበራ ከሠርጋችን በኋላ አይቼው አላውቅም።

ውሉን የጻፉልን አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ድሮ ቤተ ክህነት ያገለገሉ፣ ኋላ ከገበያው ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን፦ «እኔ ገዢው ቤቱን አይቼ፣ ወድጄና ፈቅጄ ገዝቻለሁ፤ ቀብድ ከፍያለሁ፤ የቀረውን በሰኔ መጨረሻ እከፍላለሁ። ውል አፍራሽ ገደብ ይከፍላል።» ቀብዱ የዋጋው እኩሌታ ነበር፤ ካልሆነ አልሸጥም ያለችው እሷ ናት። መዝገቡ «አይቼ» የምትለዋ ላይ ራሱን ነቀነቀ። ማየትስ አይቷል።

ቀበሌው ደግሞ የራሱን አመጣ። የመንግሥት ቤት ይዞ የግል ቤት መግዛት አይቻልምና መጀመሪያ ቁልፍ አስረክቡ አሉን። አስረከብን። ክፍላችን ወዲያው ለሌላ ሰው ተሰጠች። እትዬ የሺ፣ መቼም አፏ ማር ነው፣ «ልጆቼ፣ ሜዳ ላይ ልታድሩ ነው እንዴ? እኔ የጓዳውን ይዤ እቆያለሁ፣ እናንተ የፊቱን ክፍል ግቡበት» አለችን። እግሯን ስሜ ነው የገባሁት። ዛሬ ሳስበው ከንፈሬ ያቃጥለኛል።

በገባን ሰሞን እሷ ኪዳን ለማስደረስ ቁስቋም ወጣች። መዝገቡን እጁን አሳከከው። ወሩ ግንቦት ነው፣ ድሩ ተዘጋጅቷል፣ የቀረው ገንዘብ የሚመጣውም ከሥራ ነው። ዶማ ተውሶ መጣና የሸንበቆውን ምንጣፍ ጠቅልሎ መቆፈር ጀመረ። እኔ አፈሩን በቅርጫት እያወጣሁ እደፋለሁ። እስከ ጉልበት ድረስ ደረቅ ነው፤ ከዚያ በታች አፈሩ ጥቁር እየሆነ፣ ከዶማው ላይ አልላቀቅ እያለ መጣ። «ጥሩ አፈር ነው፣ ጠርዙ አይናድም» አለኝ። እኔም አመንኩት።

እትዬ የሺ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ጉድጓዱን አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ። ቤቱ ቆሸሸ አላለችም፣ ወለሌን አበላሻችሁት አላለችም፤ «ቆፍሩ ያላችሁ ማን ነው?» ነው ያለችው፣ በቀስታ። መዝገቡ እየሳቀ «እትዬ፣ ሸማኔ ቤት ገብቶ ምን ሊያደርግ ኖሯል?» አላት። ዞር ብላ ጓዳዋ ገባች። ያቺን ነገር እዚያው ልቤ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ጠዋት ስንነሳ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አለ። ቅልጥም ድረስ። መዝገቡ በጣሳ እየቀዳ ጨርሶ አወጣው፤ እኔም በጨርቅ አደረቅኩት። ምሳ ሳይደርስ ተመልሶ መጣ። እንደገና ቀዳነው፣ እንደገና መጣ። ድምፅ እንኳ የለውም፤ ከግድግዳው ሥር ዝም ብሎ ይመነጫል። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ ሁሉ እዚያ ቤት ሥር የሚያልፍ ነው የመሰለኝ። መዝገቡ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ውሃው ውስጥ ሰደደ፤ እንደ ሥራ ሰዓቱ ማለት ነው። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር፣ እሱ ግን የሚያየው ወለሉን ብቻ ነው።

እርግጥ ቤት ቤት ነው። እዚያው እንኑር፣ ስብሐት ጋ እየሄድክ ሥራ ብዬዋለሁ። ግን በግማሽ ሰው ሥራ የቀረው ገንዘብ እስከ ሰኔ ከየት ይመጣል? ያንን ገንዘብ ሊያመጣልን የነበረው ያ ጉድጓድ ነው። በዚያ ላይ እርጥበቱ ድሩን ያበሰብሰዋል፣ የሰውንም ጉልበት ይበላል። መዝገቡ አሰበ፣ አሰበና እትዬ የሺ ፊት ቆሞ፣ «እትዬ፣ ይሄ ቤት ለኔ አይሆነኝም። ቀብዴን ይመልሱልኝና በሰላም እንለያይ» አላት።

«ገንዘቡ ከእጄ ወጥቷል ልጄ» አለች። «ደግሞስ ቤት እንጂ ጉድጓድ መቼ ሸጥኩልህ?»

ቁና ቁና እየተነፈስኩ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ጋ ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙን። ምላሳቸው አያደላም፣ ለዚህ ነው የምወዳቸው።

«ሕጉ አጭር ነው» አሉ። «ቀብድ የሰጠ ሰው ልተው ካለ ቀብዱን ለቆ ይወጣል። የተቀበለ ሰው ልተው ካለ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እሷ ደግሞ አልሸጥም አላለችም። ዝም ብለህ በሰኔ ሳትከፍል ብትቀር ገደቡም፣ መቀጫው፣ ይጨመርብሃል።»

«ውሃስ?» አልኳቸው። «ውሃ ላይ የተቀመጠ ቤት ሸጣልን!»

«አንዲት በር አለች። ጉድለቱን እያወቀች ደብቃ ከሆነ ውሉ ይፈርሳል፣ ገንዘባችሁንም መልሳ ትሰጣለች። ማወቋን ማስረዳት ግን የናንተ ፋንታ ነው።»

የሚያስረዳ ሰው ፍለጋ ጎረቤቷ ዓለሜ ጋ ሄድኩ። ዓለሜ እዚያ ግቢ አጠገብ ተወልዳ ያረጀች ሴት ናት። ጥጥ እየነደፈች ነበር፤ ነገሩን ስነግራት መንደፏን አላቆመችም። «ውሃ እንደሁ በዚህ ሰፈር የት የለም ብለሽ ነው» አለች። እትዬ የሺ ታውቅ ነበር ወይ አልኳት። ያኔ ቀና ብላ አየችኝ፣ «እህቴ፣ ብርሃኔ» አለች፣ «እኔና እሷ አንድ እድር ነን። የሚቀብረኝ ይሄ ሰፈር ነው። አንቺ ከርታታ ነሽ፣ ነገ ትሄጃለሽ።» ይህን ብላ ጥጧን መንደፍ ቀጠለች። እውነቷን ነው፣ እኔ እዚያ ሰፈር ቀባሪ አልነበረኝም።

ምስክር ባናገኝም ከሰስናት። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጉዳያችንን ሊያይ የተቀመጠው እሑድ ከስብሰባ በኋላ ነው። ሊቀ መንበሩ ጓድ ስለሺ ካኪውን ለብሶ መሐል ላይ ተቀምጧል፣ ግራና ቀኙ ሁለት ሽማግሌ። ያቺን ልብ ውስጥ ያስቀመጥኳትን ነገር፣ ጉድጓዱን ስታይ ፊቷ አመድ መምሰሉን፣ መጀመሪያ ተናገርኩ። ጓድ ስለሺ «ፊት ማስረጃ አይሆንም» አለኝ። ወደ መዝገቡ ዞረ።

«ጓድ መዝገቡ፣ ጉድጓዱን የቆፈረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሳትቆፍር በፊት ወለሉ ላይ ውሃ ነበር?»

«አይታይም ነበር።»

«ነበር ወይስ አልነበረም?»

«... አልነበረም።»

«ይጻፍልኝ» አለ ለጸሐፊው። «ሳይቆፈር ውሃ አልነበረም።»

እንግዲህ ስሙኝ። በዚህ አያያዝ ውሃውን ከእንጦጦ ጎትቶ ያመጣው መዝገቡ ሊሆን ነው። ልናገር ስነሳ ቁጭ በይ ተባልኩ። ይሄኔ እትዬ የሺ ከዘራዋን ተደግፋ ብድግ አለች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ እጅ ነስታ፣ አዳራሹ ጸጥ እስኪል ጠበቀች።

«ልጆቼ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለች። «ግን በስተርጅና የሰው ገንዘብ በላች መባል አልፈልግም። መዝገቡ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው። ቁስቋም ማርያም ደጅ ይቁምና ‹እትዬ የሺ ውሃውን ታውቅ ነበር› ብሎ ይማል። ከማለ ቤቱን ለሌላ ሸጬም ቢሆን ቀብዱን እመልስለታለሁ። ካልማለ ግን ውሉን ያፈረሰው እሱ ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። እንዴት ያለች ጨዋ፣ እንዴት ያለች የድሮ ሰው ተባለ። ጓድ ስለሺ ሸንጎው መሐላ እንደማያስምል፣ ሃይማኖት የግል ጉዳይ እንደሆነ ተናገረ፤ ሽማግሌዎቹ በጆሮው ሲያንሾካሹኩለት ደግሞ ተከራካሪዎቹ በባህላቸው ከተስማሙ እንደማይቃወም ተናገረ።

«እሷስ ለምን አትምልም?» አልኩ ከተቀመጥኩበት። «‹አላውቅም ነበር› ብላ እሷ ትማላ!»

«ከሳሾቹ እናንተ ናችሁ» አለኝ አንዱ ሽማግሌ።

ሴትዮዋ ምን እንዳደረገች ያን ቀን አልገባኝም ነበር። ባሌን አብራው የኖረች ሰው ያህል አውቃዋለች። ከፊቱ ክፍል ሆኖ ሲጸልይ በጓዳው ግድግዳ ትሰማዋለቻ።

ቤት ስንገባ ጀመርኩት። «ማል» አልኩት። «ታውቃለች፣ አንተም ታውቃለህ፣ እግዜርም ያውቃል። ለምን ትፈራለህ?»

«አላየሁማ» አለ።

«ፊቷን አላየህም?»

«ፊቷን አይቻለሁ። ማወቋን አላየሁም። እጠረጥራለሁ ብርሃኔ፣ መጠርጠር ሌላ፣ መማል ሌላ ነው።»

«ያ ገንዘብ እኮ ደማችን ነው! የኔ ጣት ነው፣ የአንተ ወገብ ነው። ሜዳ ላይ ልንወድቅ ነው፣ ይገባሃል?»

«ይገባኛል» አለ። ደግነቱን ወድጄ ነበር ያገባሁት፤ ያን ቀን ግን ጠላሁት፣ አልዋሽም። እንጀራም አላቀረብኩለት። አላቀረብሽም ብሎ አልተቆጣኝም፣ እሱም አናደደኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቁስቋም ደጅ ተሰበሰብን። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ እትዬ የሺ፣ ሥራ ፈትቶ ሊያይ የመጣ የሰፈር ሰው። መዝገቡ ነጠላውን አጣፍቶ ደጀ ሰላሙ ፊት ቆመ። የበሩን መቃን ያዘ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አፉን ከፈተ። ልቤ «በል፣ በል» ይላል። ከዚያ መቃኑን ተሳለመና ዞር አለ።

«እጠረጥራለሁ» አለ። «አላየሁም። አልምልም።»

«እኔ እምላለሁ!» አልኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ በሩ ሄድኩ፣ በእውነት ልምል ነበር፣ ለሰከንድም አላመነታሁም። ሽማግሌው ክንዴን ያዘኝ። ውሉ በባልሽ ስም ነው፣ መሐላውም የተሰጠው ለባልሽ ነው አለኝ። እትዬ የሺ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ታማትባለች።

ሸንጎው ወሰነ። ውሉን ያፈረሰው ገዢው ነው፣ ቀብዱ ለሻጭ ይቀራል፣ በሽምግልና ስለተያዘ ገደቡ ተምሮለታል። ገዢው የቆፈረውን ወለል እንደነበረ ደፍኖ ያስረክባል። ከእንግዲህ ክርክር የለኝም ብሎ መዝገቡ ፈረመ። እኔም የጣት አሻራዬን አኖርኩ። ሽማግሌዎቹ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል» አሉት። ምስጋናውን ተሸክመን ስብሐት ጓዳ ገባን፤ እኔ፣ እሱ፣ የስብሐት ሚስትና ልጆቿ በአንድ መደብ። ምስጋና የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ወለሉን ልንደፍን የሄድነው በዚያው ሳምንት ነው። ሰኔ ገብቶ ማካፋት ጀምሯል። ዶማና አካፋ፣ ከወንዙ የለቀምነው ድንጋይ፣ ያወጣነው አፈር። እትዬ የሺ ዱካዋን አስመጥታ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ሰላም አልኳት እንጂ ዓይኗን አላየሁም። መዝገቡ ውሃውን ቀድቶ አወጣና አፈሩን በአካፋ መመለስ ጀመረ።

ጥቂት አይታ ነው፣ «እንደሱ አይደለም ልጄ» ያለችው።

መዝገቡ ቀና አለ።

«አፈር ብቻ ከመለስክበት ክረምቱ ሲከብድ ገፍቶት ይወጣል። ትልልቁን ድንጋይ አስቀድም። በግድግዳው በኩል፣ ውሃው የሚመጣው ከዚያ ነው። በላዩ ከሰል ድፋበት፣ አፈሩ ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደዚያ አድርጎ ነው የደፈነው፤ ይኸው እስከ አሁን ጠብ አላለም ነበር።»

አካፋው መዝገቡ እጅ ላይ ቀረ። እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። ደግሞ ያለችው እያዘነችለት ነው፣ እንዳይለፋ። ነገሩ አምልጧት ይሁን፣ ወይ የፈረመ ሰው ምን ያመጣል ብላ ይሁን፣ እግዜር ይወቅ።

«እትዬ» አልኩ። «ያውቁ ነበር ማለት ነው።»

ከዘራዋን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወረች። «ልጄ» አለች፣ «አልምልም ያለው እኮ ባልሽ ነው።»

ደሜ ፈላ። ሸንጎ ልሮጥ አሰብኩ፤ ግን ምን ብዬ? ፈርመናል፣ ምስክር የለንም፣ ዓለሜም ቀባሪዋን አትሸጥም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሉኝ። ወደ መዝገቡ ዞርኩ።

«ሰማሃት?»

«ሰማሁ።»

«አሁንስ አየህ? አሁን ትምላለህ?»

አካፋውን አፈሩ ላይ ሰካው።

«አሳምረን ስንደፍንላት ለሌላ ሰው ልትሸጠው ነው» አልኩት። «በእበት ትለቀልቀዋለች፣ ሰውየው በተረከዙ ይደቃዋል፣ ድም ድም ይላል። ለሚቀጥለው ሰው ነው የምንደፍንላት መዝገቡ። ተወው፣ እንደነገሩ አልብሰነው እንሂድ።»

ፊቱ ላይ ላብ ነው ወይ እንባ አላውቅም፣ በክንዱ ጠረገው። «እንደነበረ ደፍነህ አስረክብ ብለውኛል፣ ፈርሜያለሁ» አለ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደና በግድግዳው በኩል ተንበረከከ። እጁን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ፣ ድንጋይ እንዳቀብለው ነው። አላቀብልህም ልለው ፈልጌ ነበር፤ እጁ ግን እንደተዘረጋ ቀረ፣ ውሃውም ከሥሩ መመለስ ጀምሮ ነበር።

«እዚህ ጋ ነው፣ እትዬ?» አላት።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለች።

ትልቁን ድንጋይ አንስቼ አቀበልኩት።